እንጀራ የተገኘበት ድካም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው አርእስት የሰው ልጅ ከአደንና ከለቀማ ወደ እርሻ የተሻገረበት ታሪክ ነው።

ሰው በምድር ላይ ከኖረበት ዘመን እጅግ የሚበዛውን ያሳለፈው አውሬ እያደነ፣ ሥራ ሥርና ፍሬ እየለቀመ ነው። ማረስ ከጀመረ ግን ወደ 11,000 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ለዚህም ለውጥ መልካም ምስክር የሚሆነን በሶርያ አገር፣ በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ የነበረው አቡ ሁረይራ የተባለው መንደር ነው። አንድሩ ሙር የተባሉት የጥንት ታሪክ መርማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1972 እና በ1973 እ.ኤ.አ. ቆፍረው መረመሩት። በወንዙ ላይ ግድብ ይሠራ ስለነበር ስፍራው ብዙም ሳይቆይ በሐይቅ ተሸፈነ። መርማሪዎቹም የቆፈሩትን አፈር በውኃ እየበጠበጡ፣ የተንሳፈፈውን የከሰለ ፍሬ በጥንቃቄ ሰበሰቡ።

ከዚህም የተገኘው ትምህርት ይህ ነው። ከ13,000 ዓመት ገደማ በፊት የመንደሩ ሰዎች መሬት ቆፍረው በሠሩት ጎጆ እየኖሩ፣ ሚዳቋ ያድኑና የዱር እህል ይለቅሙ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሡት ግን የጭቃ ጡብ ቤት ሠርተው ስንዴ፣ ገብስና ምስር ዘሩ፤ ኋላም አደኑን ቀንሰው በግና ፍየል አረቡ።

የዱር ስንዴ ሲበስል ዛላው እየተሰባበረ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ሰዎች ሲያጭዱ በእጃቸው የሚቀረው ያልረገፈው ነውና፣ እርሱንም መልሰው ሲዘሩት ከብዙ ትውልድ በኋላ የማይረግፍ ስንዴ ተገኘ። እኛም የምንበላውን ጤፍ ከዱር ወደ እርሻ ያመጡት በአገራችን የነበሩ ጥንታውያን ገበሬዎች ናቸው።

ነገር ግን ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አልተገኘም። በአቡ ሁረይራ የተቀበሩት ሰዎች አጥንት በተመረመረ ጊዜ፣ የብዙዎቹ ሴቶች ወገብ፣ ጉልበትና የእግር ጣት ተጎድቶ ተገኘ። ምክንያቱም በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ተንበርክከው እህል ይፈጩ ስለነበር ነው። እርሻ ጎተራን ሞላ፤ መንደርን አሰፋ፤ ኋላም ለከተማ፣ ለጽሕፈትና ለትምህርት ቤት መሠረት ሆነ። ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ሸክም በወፍጮው ላይ ባጎነበሰችው ሴት ጫንቃ ላይ ነበር።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። እናቶቻችን በወፍጮና በመጅ ያሳለፉትን ድካም እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የሞተር ወፍጮ በብዙ ስፍራ ቢተከልም፣ እህል ማበጠርና መንፋት፣ ውኃና እንጨት መሸከም እስከ ዛሬ የሚበዛው የሴቶች ሥራ ነው። እኛ ወንዶቹ ለጥናት ስንቀመጥ፣ እኅቶቻችን ግን ደብተራቸውን የሚገልጡት ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ የትምህርት ቤታችንን በዓል ስናከብር አንድ ቃል እንግባ። የቤቱን ሥራ ከእኅቶቻችን ጋር እኩል እንካፈል፤ በምንማረውም ጥበብ የእናቶቻችንን ሸክም ለማቅለል እንትጋ። እንጀራውን አብረን እንደምንበላ ድካሙንም አብረን ልንሸከመው ይገባናል።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን!