ግዛቷን በቀን 100 ሺህ ዶላር ያስቀጣው ምክር ቤት
(በአንድ የክልል ከተማ በወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ለወንበር አዋጡ» ተባልን፤ አዋጣን። «ለጠመኔ» ተባልን፤ ያንንም አዋጣን። እኔ ግን ዛሬ መቀነቴን ከመፍታቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ምክር ቤቱ ለዚህ ትምህርት ቤት ያጸደቀው በጀት ስንት ነው? የትስ ገባ?

ልጆቼን ለጥቂት ዓመታት ያስተማርኩት አሜሪካ ሲያትል ነው። እዚያም ያው ጣጣ ነበረላችሁ! የዋሽንግተን ግዛት ሕገ መንግሥት ልጆችን ማስተማር የግዛቲቱ ቀዳሚ ግዴታ ነው ይላል። ምክር ቤቷ ግን በቂ በጀት አይመድብም ነበር። ጉድለቱን የየአካባቢው ነዋሪ በተጨማሪ ግብር ይደፍናል። ሀብታሙ ሰፈር ይሞላለታል፣ የድሃው ይጎድላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሁለት ቤተሰቦች ከመምህራን ማኅበራትና ከሌሎች ጋር ሆነው ግዛቲቱን ከሰሱ። «የማክሊሪ ጉዳይ» ይባላል። በ2012 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ጉድለቱ እስከ 2018 እንዲሞላም አዘዘ። ምክር ቤቱ ዛሬ ነገ አለ። በ2014 ግዛቲቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ባለማክበር ጥፋተኛ ተባለች። በነሐሴ 2015 ደግሞ በየቀኑ 100 ሺህ ዶላር እንድትቀጣ ተወሰነ። ሕግ አውጪው ሕግ አላከብርም ሲል ይኸው ነው!

ገንዘቡ ከሰማይ አልወረደም። በ2017 ምክር ቤቱ የንብረት ግብር ጨመረ፤ ያጉረመረመውም ብዙ ነው። በሰኔ 2018 ግን ፍርድ ቤቱ ትእዛዙ ተፈጽሟል ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

ወደ እኛው እንመለስ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። ታዲያ ማን ዘንድ እንክሰስ? ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ቀመር የሚወስነውም ያው ምክር ቤት ነው። ቀመሩም እሱ፣ ዳኝነቱም እሱ!

ክሱ ቢከብደን ጥያቄው አይከብደንም። የትምህርት ቤቱ በጀት ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለመጽሐፍ እንደዋለ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍልን። ያን ጊዜ እኔም ያለችኝን አዋጣለሁ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ዝም ስንል ግን የልጆቻችን ትምህርት ነቀዘ።