ከማሳው ጥግ የሚጀመር ውሳኔ

ውድ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ ወላጆች ከማለዳ ጀምሮ በእንጅባራ ክረምት ተቀምጣችኋልና በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ልጆቼ፣ ዛሬ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ አንድ ነገር ሳትወስኑ አልቀራችሁም። አንዱ መጠጥ ሊተው፣ ሌላው ከቤቲንግ ቤት ደጃፍ ሊርቅ፣ አንዷ ደግሞ የቅጥር ማስታወቂያ መጠበቋን ትታ የራሷን ሥራ ልትጀምር ቆርጣለች። መልካም ነው። ዕድሜዬን በግብርና ሙያ ከገበሬ ጋር ሳሳልፍ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ሰው ሕይወቱን ለውጦ የሚዘልቀው ልቡ በሞቀበት ቀን በማለው መሐላ አይደለም። ልቡ በቀዘቀዘ ቀን የሚደግፈውን ነገር አስቀድሞ ሲያዘጋጅ ነው። የመጣሁት ይህን ልናገር ነው።

ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ አዲስ ቅዳም አካባቢ መንገዱን ግራና ቀኝ ያለበሰውን ዛፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዲከረንስ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። እናንተ ዓይናችሁን ስትገልጡ ስላገኛችሁት ድሮም የነበረ ይመስላችኋል። እኔ ያን መሬት የገብስ፣ የጤፍና የድንች ማሳ ሆኖ አውቀዋለሁ።

ገበሬውን ወደ ዛፉ የገፋው አፈሩ ነው። ይህ የእኛ የአዊ ደጋ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ዝናቡ በረከት ነው፤ ዘመን በቆጠረ ቁጥር ግን የአፈሩን ካልሲየምና ማግኒዥየም አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩም አሲዳማ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ያቀጭጨዋል። ገበሬው ተበድሮ ያመጣው ማዳበሪያ ፎስፈረሱ በአፈሩ ተይዞ ይቀራል፤ ገብሱም እንደቀጨጨ ይከርማል። ኖራ መድኃኒቱ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ብዙ ኩንታል ነው፤ እሱን ገዝቶና አጓጉዞ ማድረስ ለድሃ ገበሬ ከባድ ነው።

በፋግታ ለኮማ ወረዳ የማውቃቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ማሳቸው ዘር እንኳ መመለስ ሲያቅተው ባልየው አንድ ማታ ተነስቶ፣ «መሬቱን በሙሉ ዲከረንስ እተክለዋለሁ» አለ። ሚስትየዋ ልጆቿን አየት አድርጋ፣ «እነዚህስ እስኪደርስ ቅጠሉን ሊበሉ ነው?» አለችው። ቤቱ ተኳርፎ ሰነበተ። በኋላ ሽማግሌ ሳያስፈልጋቸው ተስማሙ። ከማሳው በታች በኩል፣ ገብሱ ከሁሉ የባሰበትን ጥግ መረጡ። ክረምት ሲገባ ችግኙን በመስመር ተከሉ፤ በመካከሉ ጤፍ ዘሩበት። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን አጨዱ። በተከታዮቹ ዓመታት ከዛፎቹ ሥር ሣር እያጨዱ ላማቸውን አበሉ። ጎረቤት፣ «የአባቱን እርሻ ጫካ አደረገው» እያለ ሳቀ። በገበያ ሳቁ፣ በሰንበቴም ሳቁ። እነሱ ግን ሌላውን ማሳ እያረሱ ያቺን ጥግ ይጠብቁ ነበር።

ዛፉ ሲደርስ ተቆረጠ፣ ተከመረ፣ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ እሳት ተለኮሰበት። ከሰል ያከሰለ ሰው ያውቀዋል፤ ክምሩ ሌት ተቀን ዘብ ይፈልጋል። አፈሩ ተሰንጥቆ አየር ከገባ የዓመታት ልፋት አመድ ይሆናል። ባልየው ሌሊቱን፣ ሚስትየዋ ቀኑን እየተፈራረቁ ጠበቁ፤ ስንጥቅ ባዩ ቁጥር እርጥብ አፈር መረጉበት። ከሰሉ በጆንያ ተሞልቶ ሲሸጥ ቤታቸው ቆርቆሮ ለበሰ፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪም ተሸፈነ። ባዶ በቀረው ጥግ ላይ እንደገና ጤፍና ችግኝ ገባበት። ቀጥሎ ሁለተኛው ጥግ ተተከለ። የሳቁትም ችግኝ ፍለጋ ደጃቸውን ረገጡ።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩት ሁልጊዜ የባልየውን ድፍረት ብቻ የሚያወድስ ሰው ስለማገኝ ነው። ያን ቤት ያቆመው የሚስትየዋ ጥያቄ ነው። «በመጀመሪያው ዓመት ምን እንበላለን?» የሚለውን ያልመለሰ ለውጥ በሁለተኛው ዓመት አይገኝም። ቤቲንግ እተዋለሁ ያልከው ልጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታው ሲጀመር የት ትሆናለህ? መጠጥ እተዋለሁ ያልከውስ፣ ሲመሽ ከማን ጋር ትቀመጣለህ? የራሴን ሥራ እጀምራለሁ ያልሽው ልጄ፣ ሥራው እስኪያፈራ የቤት ኪራይሽን ምን ይከፍለዋል? እነዚህን መመለስ ፍርሃት አይደለም፤ በችግኙ መካከል ጤፍ መዝራት ነው።

ደግሞ «እኔ ቁርጠኝነት የለኝም» አትበሉኝ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ የሚወደው ጿሚ ሁሉ ያን ያህል ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይርቃል። በረመዳንም ሙስሊም ወንድሞቻችን ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ይህ ሁሉ ሰው ብረት ልብ ኖሮት ነው? እምነቱ አለ፤ ከእምነቱ ጋር ደግሞ አገሩ ሁሉ ይረዳዋል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ እናት ድስቷን ትለያለች፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱ ያቀርባል፣ ጎረቤትም አብሮ ይጾማል። ፋሲካ ሲደርስ ሁላችንም እንመለሳለን፤ የመመለሻው ቀን አብሮ ተወስኗልና። የሕይወት ለውጥ ግን የመፈሰኪያ ቀን የለውም። ስለዚህ ጎረቤቱንና ድስቱን ራሳችሁ ማሰናዳት አለባችሁ።

ለውሳኔያችሁ ምስክርም ያስፈልጋል፤ የአገው ፈረሰኞችን ተመልከቱ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው አገር በፋሺስት ወረራ ሥር በነበረችበት በ1932 ዓ.ም. ነው። አባቶቻችን የዓድዋን ዘማቾችና የአርበኞችን ውለታ፣ የፈረሱንም ጭምር፣ ላለመርሳት ተስማሙ። ስምምነታቸውን በልባቸው ብቻ ቢይዙት ኖሮ ከእነሱ ጋር ይቀበር ነበር። ቀን ቆረጡለት፤ ይኸው በየዓመቱ ጥር 23 በዚህችው ከተማ ፈረሱ ተሸልሞ ይወጣል። ሐዘን ሲደርስ ፈረሰኛው ይሰበሰባል፤ ሰው ሲጣላ ሽማግሌው ይገባል። ቀን፣ ባልደረባና የሚጠይቅ ሽማግሌ ያለው ቃል ትውልድ ይሻገራል። የእናንተም ውሳኔ ቢያንስ አንድ የሚጠይቃችሁ ሰው ይኑረው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። «ከሰኞ ጀምሮ»፣ «ከበዓሉ በኋላ»፣ «ከመስከረም ወዲህ» የሚለውን ነገር ተዉት! ዛሬ ማታ ለምረቃ ድግስ ዕዳ ገብቶ ነገ ቁጠባ እጀምራለሁ የሚል ልጅ ራሱን እያታለለ ነው። ለእናታችሁ ቡናና ዳቦ ይበቃታል፤ ዕዳችሁ አያስደስታትም።

አሁን ሁልጊዜ የምጮኽበትን ነገር ካልተናገርኩ አላድርም። በቅርብ ዓመታት ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መታው። መሬቱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዛፍ የሸፈነ ገበሬ ክፉኛ ተጎዳ። ያዳነን ለውጥ ራሱ ስጋት ሆነብን። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ አሰባጥራችሁ ትከሉ! ወይራ ትከሉ፣ ኮሶ ትከሉ፣ ጥቁር እንጨት ትከሉ። በተለይ ቀርከሃን አትናቁት። የባንጃ ደጋ ይስማማዋል፤ አንዴ ከጸና በየክረምቱ አዲስ ቡቃያ ያወጣል። የበሰለውን እየመረጣችሁ ስትቆርጡ ወጣቱ ይቀራል፤ መሬቱም ራቁቱን አይወጣም። በዚህች ከተማ መንገድ ዳር ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩትን ወጣቶች አይታችሁ ማለፍ ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ክረምቱ ገብቷል፤ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ ዲከረንስ ያልሆነ አንድ ችግኝ ትከሉልኝ። የኢኮኖሚክስ ተመራቂም ቢሆን፣ የሕግ ተመራቂም ቢሆን ከዚህ አይቀርም።

ይህም ከተነሳንበት ነገር አይርቅም። መጠጥ ትቶ ሕይወቱን በሙሉ በአንድ ሥራ ላይ የጣለ ሰው ሥራው ሲቋረጥ ወደ መጠጡ ይመለሳል። አዲሱ ኑሯችሁ ከአንድ በላይ ሥር ይኑረው፤ ሥራ ይኑረው፣ ወዳጅ ይኑረው፣ ጸሎት ይኑረው፣ የእጅ ሙያ ይኑረው። የለወጣችሁት ነገር ራሱ መለወጥ የሚገባው ቀን ሲመጣም አትደንግጡ። የፋግታ ገበሬ አንዴ ገብሱን ትቶ ዛፍ ተክሏል፤ አሁንም ዘዴውን ይለውጣል።

ወላጆች፣ እናንተንም አንድ ነገር ልለምን። ልጃችሁ ያልለመዳችሁትን ሲጀምር አትሳቁበት። ዲግሪ ይዞ ችግኝ ሲያፈላ ወይም ቀርከሃ ሲልግ ብታዩት «ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?» አትበሉት። ከማሳችሁ አንድ ጥግ ስጡት፤ ለመጀመሪያው ዓመትም እንጀራውን አትንፈጉት።

ተመራቂዎች፣ ዛሬ ከዚህ ሜዳ ሳትወጡ የወሰናችሁትን ለአንድ የምታከብሩት ሰው ንገሩት፤ በወሩ እንዲጠይቃችሁም ቃል አስገቡት። የተከላችሁት ይጽደቅ፤ የጀመራችሁት ይዝለቅ፤ እናንተም ለአገር የምትተርፉ ሁኑ። አሜን።