መሐንዲስና የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፤ ስሕተትን ለይቶ ስለ ማየት



ስለ ድልድይና ስለ ሕንፃ መነጋገር በለመድንበት መድረክ ስለ ሰዋስው ለመናገር መቆሜ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሙያችንን የተማርነው በእንግሊዝኛ፣ የሥራ ዝርዝርና የውል ሰነድም አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የሰዋስው ጉድለት የሥራ ጉድለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህንንም የተረዳሁት ከራሴ ጥፋት ነው።

ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአራት ሶሌታዎች መካከል የሁለቱ አርማታ ብቻ የጥንካሬ ፈተናውን አልፎ ነበር። እኔም «ዘ ስላብስ፣ ዊች ሃቭ ፓስድ ዘ ቴስት፣ ሜይ ቢ ስትሪፕድ» ስል ትእዛዝ ጻፍሁ። ፈተናውን ያለፉት ብቻ ድጋፋቸው ይነሣ ማለቴ ነበር። ነገር ግን ሐረጉን በሁለት ነጠላ ሰረዝ ስላጠርሁት፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚለው «ሶሌታዎቹ ሁሉ ፈተናውን አልፈዋል፤ የሁሉም ድጋፍ ይነሣ» ነው። የሥራው ኃላፊ እንግሊዝኛ አዋቂ ነበሩና እንደ ጽሑፉ አዘዙ። ከአደጋ ያዳኑን እንግሊዝኛ የማያነቡ አንድ አዛውንት አናጢ ናቸው። «ይኸኛው ከተሞላ ገና ስድስት ቀኑ ነው፤ አልነካውም» አሉ። በዚያን ሰዓት ከሶሌታው ሥር ሠራተኞች ይሠሩ ነበር።

ትእዛዙን ሦስት ጊዜ አንብቤው ነበር። ስሕተቱ ያልታየኝ የማነበው የጻፍሁትን ሳይሆን ያሰብሁትን ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ስሕተትን ማየት ልምምድ ይሻል። እኔ የምለማመድባቸው ሦስት መንገዶች እነሆ።

አንደኛ፣ በሁለቱ ነጠላ ሰረዞች መካከል ያለውን ሰርዞ ማንበብ። የቀረው ብቻውን እውነት ካልሆነ ሰረዞቹ ያለ ቦታቸው ገብተዋል ማለት ነው። ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት፣ ለይቶ ለሚያመለክት ሐረግ ዛት፣ ተጨማሪ መግለጫ ለሚሰጥ ደግሞ ዊች ቢመደብ እንደሚሻል ያመለከተው ለጽሑፍ ግልጽነት ሲል ነው።

ሁለተኛ፣ ግሡን ይዞ ባለቤቱን መፈለግ። «ዘ ስትሬንግዝ ኦቭ ዘ ኪዩብስ አር ሎው» የሚለው ለጆሮ ደኅና ይመስላል። በአማርኛ «የናሙናዎቹ ጥንካሬ ዝቅተኛ ነው» ስንል ናሙናዎቹ ቀድመው ስለሚጠሩ ባለቤቱን ከማሰሪያው አይለያዩትም። በእንግሊዝኛ ግን ኪዩብስ በመካከል ገብቶ ግሡን ወደ ብዙ ቁጥር ይስበዋል። ከኦቭ ጀምሮ እስከ ግሡ ያለውን በጣት ሸፍነን ስናነብ አር ወድቆ ኢዝ ይቆማል።

ሦስተኛ፣ በመነሻው ላይ ያለው ሐረግ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ። «ቢዪንግ ዌት፣ ዚ ኢንጂነር ሪጀክትድ ዘ ሳንድ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ረጥቦ ስለ ተገኘ የተመለሰው አሸዋው መሆኑን ያውቃል፤ በሰዋስው ሕግ ግን የረጠበው መሐንዲሱ ነው።

በአንድ ንባብ ሦስቱንም መፈለግ ዓይንን ያዘናጋል፤ በየንባቡ አንዱን ብቻ መፈለግ ይበጃል። ከሁሉም በላይ፣ ንድፍ የነደፈ ሰው በመርማሪው ቦታ እንደማይፈርም ሁሉ፣ ትእዛዝም ከመውጣቱ በፊት በሌላ ዓይን ይታይ። ባልደረባችን ስሕተታችንን ሲያመለክተን መቀየም አይገባንም፤ ቀን የሚቆጥር አናጢ ሁልጊዜ አይገኝምና።