ለሕመምተኛው ማን ይንገረው?
(ዘንድሮ ስላነበብኳቸው መጻሕፍት በተመራቂዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅቱ ኮሚቴ ደውሎ «ስለ ሙያሽ ሳይሆን ስለምታነቢው ነገር አውሪን» ሲለኝ ደስ አለኝ። ስለ ሙያችን በየስብሰባው እናወራለን፤ ምን እንደምናነብ ግን ከተመረቅን ወዲህ የሚጠይቀን የለም። አሁን የማነበው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው፤ ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት። ዘንድሮ ካነበብኳቸው ሦስቱን ይዤ መጥቻለሁ። የመረጥኳቸው ሦስቱም አንድ ጥያቄ ላይ ስለተገናኙብኝ ነው፦ ለሕመምተኛው እውነቱን ማን ይነግረዋል? እንዴትስ አድርጎ?

የመጀመሪያው የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የታተመ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ በሁለት ሌሊት ያልቃል። ኢቫን ኢሊች ዳኛ ነው። አዲሱን ቤቱን ሲያስጌጥ መሰላል ላይ ያዳልጠውና ጎኑን ከመስኮት ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ ወዲያ ሕመሙ እየባሰበት ይሄዳል። ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ማወቅ የሚፈልገው ሕመሙ የሚያሰጋ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ሐኪሙ ግን ኩላሊት ነው ወይስ አንጀት እያለ ይተነትናል እንጂ ለጥያቄው መልስ አይሰጠውም። ያን ጊዜ ዳኛው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ሐኪሙ የሚያየው እሱ ራሱ በችሎት ተከሳሾችን በሚያይበት ዓይን ነው።

በኋላ ላይ ደግሞ ከሕመሙ ይልቅ ውሸቱ ያሠቃየዋል። ቤተሰቡም ሐኪሞቹም የሚድን ይመስል ያስመስላሉ። የማያስመስለው ገራሲም የሚባል የገጠር ልጅ፣ የቤቱ አገልጋይ ብቻ ነው። እሱ የታማሚውን እግር ትከሻው ላይ ደግፎ አብሮት ያመሻል።

እንግዲህ ያ የሩሲያ ቤት እኛ ዋርድ ውስጥም አለ። ራውንድ አልቆ ስንወጣ አስታማሚ በሩ ላይ ጠብቆ «ዶክተር፣ እባክሽ ለእሱ እንዳትነግሪው» ያላለው ማን ነው? አንድ የጉበት ካንሰር የጠናባቸው አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ልጆቻቸው «ጨጓራ ነው በያቸው» ብለው ለመኑኝ። እኔም «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ እርስዎ ምን ያስባሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔማ ካወቅኩ ሰነበትኩ። ዝም ያልኩት እነሱ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው» አሉኝ። ልጆች ከአባት፣ አባት ከልጆች ይደብቁ ነበር ማለት ነው። የጎረቤት ዕዳ ነበረባቸው፤ መሬቱንም ለልጆቻቸው ሳይካፈል ማለፍ አልፈለጉም። ሁሉም ፊት ለፊት ከተነጋገሩ በኋላ አገራቸው ገብተው ይህንን ለመፈጸም ሦስት ሳምንት አገኙ።

«በእኛ ባህል ክፉ ወሬ ለሰው አይነገርም» ሲባል እሰማለሁ። እስቲ መርዶን አስቡት። ዘመድ ወዳጅ ይጠራል፣ የሚናገር ሽማግሌ ይመረጣል፣ ብዙ ጊዜ በማለዳ ይኬዳል። ሰውየው ብቻውን ሆኖ አይነገረውም፤ ከተነገረውም በኋላ ብቻውን አይተውም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ስፓይክስ የተባለው መመሪያ ስድስት ደረጃ አለው፦ ቦታውን አዘጋጅ፣ ምን እንደሚያውቅ ጠይቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፣ ንገር፣ ስሜቱን ተቀበል፣ ቀጣዩን አብራችሁ አቅዱ። ከዚህ ውስጥ ብዙውን አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ልዩነቱ መርዶ የምናረዳው ስለ ሌላ ሰው ሞት መሆኑ ነው። የራሱን ሞት ግን ከባለቤቱ እንደብቃለን።

ሁለተኛው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የቀዶ ሐኪሙ የአቱል ጋዋንዴ «ቢይንግ ሞርታል» ነው። ስለ አሜሪካ የአረጋውያን ማቆያዎች የሚያወራው ክፍል ከእኛ ኑሮ ይርቃል፤ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚጦረው ልጁ ቤት ነው። ጥያቄዎቹ ግን የትም ይሠራሉ፤ ገንዘብም አይጠይቁም። ስለ ሕመምህ ምን ተረድተሃል? የሚያስፈራህ ምንድን ነው? ለመቆየት ብለህ ምን ትከፍላለህ፣ ምኑንስ አትከፍልም? በመጽሐፉ ያሉ አንድ አባት ቸኮላት አይስክሬም መብላትና ኳስ በቴሌቪዥን ማየት ከቻሉ ለመኖር ብዙ ስቃይ እንደሚችሉ ለልጃቸው ይነግሯታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሞቹ ውሳኔ ሲጠይቋት ልጅቱ የወሰነችው ይህን ይዛ ነው። የእኛ ሽማግሌ ምናልባት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ወይም መስጊድ መድረስ ይላል። ካልጠየቅን ግን አናውቅም።

ሦስተኛው የፖል ካላኒቲ «ዌን ብሬዝ ቢካምስ ኤር» ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ሳለ፣ በ36 ዓመቱ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት። በ37 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 አረፈ። መጽሐፉን ሳይጨርስ ስለሄደ ማብቂያውን የጻፈችው ሐኪም የሆነችው ባለቤቱ ናት። ካላኒቲ ሐኪም እንደመሆኑ መጀመሪያ የጠየቀው ስንት ጊዜ እንደቀረው የሚያሳይ ቁጥር ነበር። የካንሰር ሐኪሙ ግን ቁጥሩን ትታ ከሁሉ በላይ የሚሳሳለት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚህ የወሰድኩት፣ እውነት መናገር ማለት «ስድስት ወር ቀርቶሃል» ብሎ መውጣት እንዳልሆነ ነው። ገራሲምም ቁጥር አልተናገረም፤ አልዋሸም፣ አልሄደምም።

መቼም «ጊዜው የት አለና?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ ኢንተርን ያን ሁሉ ሕመምተኛ ይዞ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚተርፈው ደቂቃ ሲቆጠር፣ ወንበር ስቦ መቀመጥ ከባድ ነው። ይገባኛል። ነገር ግን «ምን ያስባሉ?» ብሎ መጠየቅ ትንፋሽ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መስማት ነው የሚከብደን። ንባብ ለዚያ ያለማምዳል። ልብ ወለድ ውስጥ የሚሞት ሰው አጠገብ ሁለት ሌሊት የቆየ ተማሪ፣ ዋርድ ሲገባ ቶሎ አይሸሽም ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለመምህሮቻችን አንድ ልመና አለኝ። በኢንተርንሺፑ ዓመት ውስጥ በወር አንድ ሰዓት ብቻ፣ ፈተናና ማርክ የሌለው፣ ተማሪዎች አንድ ታሪክ አንብበው የሚነጋገሩበት ጊዜ ስጧቸው። «የኢቫን ኢሊች ሞት» ለመጀመሪያው ወር ይበቃል። እኔ በበኩሌ አሥር ቅጂ አምጥቼ ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቤያለሁ፤ የመጀመሪያውን ውይይትም ለመምራት ዝግጁ ነኝ። ለእናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ፣ ሻይ ላይ የምንጨዋወተውን የዋርድ ታሪክ የታማሚውን ማንነት ጠብቃችሁ በአማርኛ ጻፉት። የእኛን አስታማሚና የእኛን በር በራሳችን ቋንቋ ማንበብ እፈልጋለሁ።