የተማሪ ጽሑፍ ወዴት ይገባል?



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በአዳሪ ትምህርት ቤት የሚኖሩ ተማሪዎች ስለሚያዘጋጁት መጽሔትና ጋዜጣ ነው። ነገሩን ከመካነ ኢየሱስ ወገን እጀምራለሁ፤ ከእስቴ አንሥቶ እስከ ጋይንት ያለው አገር የጥንት አዳሪ ተማሪዎች አገር ነውና። በቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አምባም ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ከሩቅ የመጣ ልጅ በጎጆ እያደረ፣ ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ይቀመጣል። የድጓው ተማሪ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብርዑን ቀርጾ፣ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይገለብጣል፤ መምህሩ ያርሙለታል፤ ሲመረቅም ይዞት ይወጣል። የቅኔው ተማሪ ዕድል ግን ሌላ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለ ሆነ፣ ጓደኛው ሰምቶ ካልያዘለት በቀር የደከመበት ቃል ከጉባኤው ላይ ይቀራል።

የዘመናዊው ተማሪ መጽሔት ድጓውን መምሰል ሲገባው የቅኔውን ዕጣ ወሰደ።

በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በግቢው ያሳድር ነበር። አንድ ማዕድ የሚቆርሱ፣ አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ወጣቶች ከራት በኋላ ወሬ ብቻ አውርተው አይተኙም፤ ክርክሩም፣ ግጥሙም፣ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለው ጋዜጣም የዚህ ኑሮ ፍሬ ነው። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን በኮሌጁ በዓል ላይ አሰማ፤ የድሀው ነገር ከተማሪ አፍ መውጣቱ ብዙ ሰው አስገረመ። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ በኋላም «ስትራግል» የሚባል የተማሪዎች መጽሔት ነበረ። ዋለልኝ መኮንን የተባለ ተማሪ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጥቂት ገጽ እስከ ዛሬ አገር ያከራክራል። የሚደግፈውም የሚነቅፈውም አለ፤ እኔ ለመፍረድ አልተነሣሁም። ነገር ግን ያን ቅጂ ጠብቆ ያቆየ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ክርክሩ ሁሉ ከጽሑፉ ጋር መሆኑ ቀርቶ ከአሉባልታ ጋር በሆነ ነበር።

እኔም በተማርሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርሁ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ኋላ ሄጄ ብጠይቅ የጽሑፎቻችን ክምር ለማእድ ቤቱ እሳት ማቀጣጠያ ሆኖ አለቀ አሉኝ። የእኔው ቢቃጠል ጉዳቱ ቀላል ነው፤ (ግጥሞቼን የሚያውቅ ሰው እንኳንም ተቃጠሉ ሳይል አይቀርም፤) ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ የሀገሩን ተረት ከአያቱ አፍ እየሰማ ይጽፍ የነበረው ልጅ ድካም ግን ያሳዝነኛል። አያቱም ዛሬ የሉም።

አሁን ደግሞ ብዙው በስልክ ላይ ይጻፋል፤ ስልኩ ሲሰበር ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይልቁንም በትምህርት ጽሕፈት ቤት የምታገለግሉ፣ ለአንድ ደብዳቤ ሦስት ግልባጭ ማውጣትና መዝገብ ቤት ማኖር ታውቁበታላችሁ። ይህንኑ ልማድ ለተማሪዎች መጽሔት ብታደርጉት ምን ይገዳል? ከየእትሙ አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ በወረዳው፣ አንዱም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የአዘጋጆቹ ስምና ቀኑ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ከጠፉት ብዙዎቹ ቢገኙ እንኳ የማን እንደ ሆኑ የሚያስታውቅ የላቸውምና።