አፍረን የምንደብቀው በሽታ



ዛሬ የምናገረው ስሙን ለመጥራት ስለምናፍረው በሽታ፣ ስለ ሴት ብልት ውጫዊ ክፍል ነቀርሳ ነው። አክስቴ ማሳከኩን ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቃ ሐኪም ዘንድ የደረሰችው፣ በሽታው ብሽሽቷ ድረስ ከዘለቀ በኋላ ነበር። ስንጠይቃት፣ «ለማን አሳያለሁ ብዬ?» አለችን።

የማይለቅ ማሳከክ፣ የማይድን ቁስል ወይም እብጠት ሲታይ፣ ሐኪሙ ከሥፍራው ቅንጣት ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። ገና በጅምሩ ከተደረሰበት የታመመውን ሥፍራ ብቻ ቆርጦ ማውጣት ሊበቃ ይችላል፤ ከተስፋፋ ግን የብሽሽት ዕጢዎችን ማውጣት፣ የጨረርና የመድኃኒት ሕክምናም ይጨመራል። ከዚህ ነቀርሳ ከፊሉን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለው ቫይረስ ነው፤ መከላከያ ክትባቱም በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ እናቶቻችንን ደፍረን እንጠይቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።