የነርቭ ሕመምና የመድኃኒቱ ምርጫ፤ ስለ ፕሬድኒሶሎንና ስለ ቪታሚን
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተነበበ



«እጄን ይደነዝዘኛል፣ እግሬን ያቃጥለኛል» የሚል ሕመምተኛ የማይመጣበት ጤና ጣቢያ የለም። መልሱም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ «ነርቭ ነው» ተብሎ ቢ-ኮምፕሌክስ ይታዘዛል። ሕመምተኛው መርፌውን ተወግቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ሐኪሙም አንድ ነገር ያደረገ ይመስለዋል። ነርቩን የጎዳው ምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሥጋ ደዌ ሕመምተኛን ነው። የደዌው ባክቴሪያ በነርቭ ውስጥ ይኖራል። የሰውነት መከላከያ ኃይል በድንገት ሲነሣበት ነርቩ ራሱ ያብጣል፤ በጠባብ ሽፋኑ ውስጥም ይታፈናል። በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ፤ እየቆየም ይቆለመማሉ። የጋለ ድስት ያወረደች እናት መቃጠሏን የምታውቀው ቁስሉን በዐይኗ ስታይ ነው። አንዳንድ ጊዜም ነርቩ አንዳች ሕመም ሳያሰማ ሥራውን ያቆማል፤ አደገኛውም ይኸው ነው።

የፕሬድኒሶሎን ጥቅም የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያውን አይገድልም፤ ያን የሚያደርጉት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የመከራቸው ጥምር መድኃኒቶች ናቸው፤ ሕክምናቸው ያላለቀ እንደሆነም አይቋረጡም። ፕሬድኒሶሎን እብጠቱን ያስታግሳል። በተለመደው አሰጣጥ በቀን 40 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ለወራት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ በእስያ የተካሄደ ጥናት፣ 32 ሳምንት መስጠት 20 ሳምንት ከመስጠት የተሻለ ውጤት እንደሌለው አሳይቷል። ይልቁንም ወሳኙ መድኃኒቱ የሚጀመርበት ቀን ነው፤ ጉዳቱ ከ6 ወር ካለፈ የመመለስ ተስፋው ይመነምናል። 3 ወር በቪታሚን መርፌ ያባከነ ሕመምተኛ ከዚህ ጊዜ እኩሌታውን አጥቷል።

ምርመራውም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዐይኑን የጨፈነውን ሕመምተኛ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በእስክሪብቶ ጫፍ በቀስታ መንካት፣ የጣቶቹን ብርታት መፈተን፣ የዐይን ቆቡ በደንብ መግጠሙን ማየት፣ ይህንም በየጊዜው መመዝገብ ነው። ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የደም ስኳርና የደም ግፊት ይለካል፤ ሳንባ ነቀርሳ አለመኖሩ ይጣራል፤ የአንጀት ጥገኛ ትል ይታከማል። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ በድንገት እንዳያቆም አጥብቆ መንገር ያስፈልጋል። የስኳር በሽታ ያደነዘዘውን እግር ግን ፕሬድኒሶሎን አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ስኳሩን ያንረዋል።

ቪታሚንም ቢሆን ቦታ አለው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ የሰውነትን ቪታሚን ቢ-6 ስለሚያባክን፣ ምግብ ላነሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለስኳር ሕመምተኛና ኤችአይቪ በደሙ ላለበት ሰው በቀን ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ፒሪዶክሲን መስጠት ነርቭን ይጠብቃል። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው ቪታሚን ቢ-12 ሊያንሰው ይችላል፤ እንዲህ ላለው ሰው ቢ-12 እውነተኛ መድኃኒቱ ነው። ነገር ግን «ቪታሚን ቢበዛ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983፣ በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ፒሪዶክሲን ይወስዱ የነበሩ 7 ሰዎች በዚያው ቪታሚን ነርቫቸው ተጎድቶ መገኘቱ ተዘግቧል። መደንዘዝን ሽሽት የተዋጠ ክኒን መደንዘዝን አመጣ ማለት ነው።

ዘግይቶ የመጣውስ? ለእርሱ ፕሬድኒሶሎኑም ቪታሚኑም የሚመልሱለት ጥቂት ነው፤ ሥራ ግን አልጠፋም። እግሩን በየቀኑ በውሃ ነክሮ ቅባት ይቀባል፤ ማታ ማታ ቁስል እንዳለ ይመለከታል፤ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጫማ ይሰጠዋል። እናቲቱም ድስቷን በወፍራም ጨርቅ ይዛ እንድታወርድ ይነገራታል፤ ይህንም ለመንገር የሐኪም ማዘዣ አያስፈልግም።